ቁራጭ ጨርቅ አይጣል፤ ስጦታ ይሰፋበታል

ሐረር ገበያ ውላችሁ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በጠባቡ መንገድ ወርዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። መኪና የተባለው ጭነት የሚያመላልሰው አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ግርግር የተባለውም ድምፁ ነው። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ እግራቸው ከመርገጫው፣ ዐይናቸው ከመርፌው ሳይለይ ሲሰፉ ይውላሉ። ጨርቁን ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ ትገዙና ትሰጧቸዋላችሁ፤ ሥራው ቀላል ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ሳላችሁ ሰፍተው ያስረክቧችኋል።

አሁን ዐይናችሁን ከሰፊው እጅ አንሡና ወደ እግሩ ሥር ተመልከቱ። ምን ይታያችኋል? ለሙሽራ ከተሰፋ አትላስ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ብጣሽ፣ ከገናፊ የተረፈ ከፋይ (ገናፊ የሐረሪ ሴቶች ጠባብ ሱሪ ነው)፣ ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቴትረን፣ አበባ የታተመበት የቀሚስ ጨርቅ ጠርዝ። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ሲመሽ ተጠርጎ ይጣላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጥራጊ ነው። እናንተ ቤት ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠው አሮጌ ሸሚዝና አንሶላም ጭምር።

ድሪቶ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ደረተ ማለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደራርቦ ጣፈ ማለት ነው። አያቶቻችን ጋቢው ሲሳሳ በላዩ እራፊ ይጥፉበት ነበር። እራፊው ሲሳሳ ደግሞ ሌላ ይደርቡበታል። በመጨረሻ የመጀመሪያው ጋቢ የቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም። ድሪቶ ለብርድ ጥሩ ነበር፤ ለስም ግን ክፉ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» መባል ስድብ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬም አንዲት እናት ከቁራጭ የሰፋችውን ነገር አራስ ቤት ይዛ ልትሄድ ስታስብ «ጎረቤት ምን ይለኛል?» ትላለች። ይሄ ፍርሃት ቀላል ነገር አይደለም። ስንቱ ጨርቅ በሳጥን ውስጥ ብል በልቶት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው! ስንቷስ እናት ባዶ እጄን አልሄድም ብላ ተበድራ የፋብሪካ ዕቃ ትገዛለች!

ታዲያ ጥፋቱ የማነው? የጨርቁ ማርጀት አይደለም። ድሪቶን የሚያሳፍር ያደረገው ሳይታጠብ፣ ሳይለካ፣ ቀለሙ ሳይታይ፣ ጠርዙ ሳይዘመዘም በችግርና በችኮላ መደራረቡ ነው። ያው ጨርቅ ታጥቦና ተመርጦ፣ እኩል ተቆርጦ ከተሰፋ ሰው በአደባባይ ይዞት የሚሄድ ስጦታ ይሆናል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ድርቡሾችን አስታውሱ። የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች በ1870ዎቹ ጂባ የሚሉትን እራፊ የተጣፈበት ልብስ ይለብሱ ነበር። መጀመሪያ እራፊው የድህነትና ዓለምን የመናቅ ምልክት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን እራፊው በቀለም እየተመረጠ፣ ግራና ቀኙ እኩል እየሆነ ይሰፋ ጀመር፤ የሠራዊት ደንብ ልብስም ሆነ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት ጦርነት፣ ከወዲያ በኩል የተሰለፈው ይህን የለበሰ ጦር ነበር። እዩት እንግዲህ፤ ያው እራፊ ነው፤ አሰፋፉ ግን ትርጉሙን ለወጠው።

ሌላም አለ። በቤንጋል ምድር፣ ማለትም ዛሬ ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል በሚባለው አገር፣ ሴቶች ያረጀ ሳሪ (ሳሪ የሕንድ ሴቶች የሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ ነው) ሦስት አራት አድርገው ይደራርቡና በጥቃቅን የእጅ ስፌት ያያይዙታል። ካንታ ይሉታል። ክሩን እንኳ ድሮ የሚያወጡት ከሳሪው ጠርዝ መዝዘው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በ1920ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ችግር በጸናበት ዘመን የገበሬ ሚስቶች የዱቄትና የከብት መኖ ከረጢት ፈትተው ቀሚስና የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። የዱቄት ፋብሪካዎቹ ይህን ሲያዩ ከረጢቱን አበባና ሥዕል እያተሙበት መሸጥ ጀመሩ። ሴትዮዋ ዱቄቱን የምትመርጠው በከረጢቱ አበባ ሆነ ማለት ነው! የእኛ የማዳበሪያ ከረጢት ግን ለዚህ አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደታች እናየዋለን።

ሐረር ራሷም የጨርቅ ከተማ ናት። በ1847 ዓ.ም. ገብቶ 10 ቀን ያህል የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በሐረር በእጅ የሚሸመነውን ልብስ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦ ጽፏል። በ1873 ዓ.ም. የመጣው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ የተቀጠረበት ንግድ ቤትም ቡናና ቆዳ እየገዛ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ የውጭ ጨርቅ የሚመጣው ከዘይላ ወደብ በግመል ተጭኖ ነው። በግመል የመጣ ነገር ደግሞ አይጣልም። የጥንቱ የሐረሪ ሴቶች ቀሚስ ከሁለቱም ፊት እንዲለበስ ሆኖ መሰፋቱ ይገርመኛል፤ በአንዱ ፊት ጥቁር፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ቀይ። አንድ ቀሚስ ሁለት ሆነ ማለት አይደለም እንዴ? ገበር የሚባለው ነገር (ገበር ከውስጥ የሚገባው ጨርቅ ነው) የውስጥ ጌጥ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ስፌት የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚል ወንድ ካለ መኪና ግርግር ሄዶ ከመኪናው ጀርባ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ይመልከት።

ጨርቁ ከየት ይገኛል?

ከልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ለማግኘት በማለዳ አትሂዱ፤ ሥራ ላይ ናቸው። ወደ ማታ፣ መንገዱ ሲቀልል፣ «ጋሼ፣ ቁራጩን አይጣሉት፤ እኔ ልውሰደው» በሉ። አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል። አንዳንዱ ትንሽ ገንዘብ ይፈልጋል። ከባቢሌ በኩል የምትመጡ አንድ ጣሳ ለውዝ፣ ከኤረር የምትመጡ ጥቂት ማንጎ ብትይዙ ወዳጅነቱ ይጠናል። ከአንድ ሰፊ ጋር ደንበኛ ሁኑ፤ ቀስ በቀስ እሱ ራሱ ጥሩ ጥሩውን በፌስታል ያስቀምጥላችኋል።

ከቤት የሚገኘው ጨርቅ ሲሆን ልብሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፈው ቦታ ሳስቷል፤ ተዉት። የሸሚዝ ክርኑና አንገትጌው ያልቃል፤ ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የአንሶላም መኻሉ ይሳሳል፤ ዳርና ዳሩ ይጠነክራል። ቁልፉንና ዚፑን ቆርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ የተገዛ ዕቃ ነው።

ሥዕል ያለበት ጨርቅስ? ዛሬ ገበያው በእሱ ተሞልቷል። እንስሳ የተሣለበት የልጆች አንሶላ አለ፤ የሩጫ፣ የበዓል፣ የምርጫ ካናቴራ አለ። ለልጅ ስጦታ እንዲህ ያለው ደስ ይላል፤ ሥዕሉን መኻል አድርጋችሁ ቁረጡት። ካናቴራ ግን ይለጠጣል። ብቻውን ከተሰፋ ይጣመማልና መጀመሪያ ከጀርባው አቡጀዲ አድርጋችሁ አያይዙት። ደግሞም ስጦታው ለማን እንደሆነ አስቡ። የሰውና የእንስሳ ሥዕል ያለበት ነገር ለመስገጃ አይሆንም፤ ለመስገጃ መስመርና አበባ ይበቃል። ሰንደቅ ዓላማ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይቆረጥም።

ከሁሉ በላይ ይህን ልብ በሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ከረጢት፣ በመድኃኒት የታሸ ዘር የመጣበትን ከረጢት ለምንም ዓይነት ስፌት አትንኩት። ቢታጠብም መርዙ ከክሩ አይለቅም ብላችሁ ያዙ። የማዳበሪያ ከረጢትም ለምግብ መያዣ፣ ለልጅ መኝታ አይሁን። አጎበርንም እንዲሁ። ደህና አጎበር ቀዶ መጋረጃ ወይም ከረጢት የሚሰፋ ሰው ልጁን ለወባ ትንኝ እየሰጠ ነው፤ በተለይ እንደ ኤረር ባለው ቆላ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አጎበሩ የሚሠራው አልጋው ላይ ሲዘረጋ ነው።

ክሩን በእሳት ጠይቁት

ጨርቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ዐይን ያታልላል፤ እሳት ግን አያታልልም። ከጨርቁ አንዲት ክር ምዘዙና በወረንጦ ወይም በሽቦ ይዛችሁ፣ ውኃ አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ የወረቀት ሽታ ይሸታል፤ ለስላሳ ግራጫ ዐመድ ይቀራል። ፖሊስተር ወይም ናይሎን ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ጨሌ ደርቆ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሱፍ ወይም እውነተኛ ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ግማሹ ጥጥ ግማሹ ሰው ሠራሽ የሆነ ደግሞ ይነዳልም ይቀልጣልም።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ትኩስ ነገር የሚነካ ዕቃ ሁሉ ጥጥ ብቻ መሆን አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ከሚያብረቀርቅ ጨርቅ አምሮ የተሰፋ የጀበና መያዣ ለዘመድ ሰጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ቡና ቀልጦ ከጀበናው እጀታ ላይ ተጣበቀ። ስጦታው ጀበናዋን አበላሸባት። ጀበናዋን ተክቻለሁ፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይወራብኛል።

ከተመረጠ በኋላ ሁሉም ጨርቅ ይታጠብ፤ አዲሱም ጭምር። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሸበሸባል። ሳይታጠብ ከአሮጌው ጋር ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ አሮጌውን ስቦ ይቀደዋል። ቀይና ጥቁር ጨርቅ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ላይ ጫን ጫን አድርጉ። ነጩ ከቀላ ደጋግማችሁ እጠቡት። እንቢ ካለ ከነጭ ጋር አታጋቡት። ሲደርቅ በካውያ ተኩሱት። የተጨማደደ ጨርቅ በትክክል አይለካም።

በትንሹ ጀምሩ

መጀመሪያ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ ብሎ የተነሣ መኻል ላይ ይሰለቻል። በማቶት ጀምሩ። ጀበና የሚቀመጥበትን ክብ ማለቴ ነው። ለምንም የማይሆኑ የጥጥ ክርታሾችን አንድ ላይ አጠማዝዙ፤ ውፍረቱ እንደ ጎልማሳ አውራ ጣት ሁለት ይሁን። የጀበናውን መቀመጫ ለክታችሁ ክብ አድርጉትና ሁለቱን ጫፍ በጠንካራ ክር እሠሩት። ከዚያ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ረጅም የጥጥ ጨርቅ በዙሪያው ጠምጥሙ። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን በግማሽ ይሸፍን። መጨረሻውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በመርፌ ያዙት። የአንድ ማታ ሥራ ነው። ለዒድ፣ ለመስቀል፣ ለአዲስ ጎጆ ወጪ ቢሰጥ የማይደሰት የለም። በሐረርማ ሸዋል ዒድ ሲደርስ ቤት ሁሉ እንግዳ አለበት፤ ቡና አይቋረጥም። ይህ በዓል በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ነው።

ሁለተኛው የካርድ ከረጢት ነው። አራስ ስትጠይቁ ለሕፃኑ የክትባት ካርድ ማኖሪያ ብትሰጡ ከማንኛውም አሻንጉሊት ይበልጣል። ካርዱ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ዝናብ ይነካዋል፤ ያኔ እናቲቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ የትኛው ክትባት እንደቀረ ለማስረዳት ትቸገራለች። ካርዱን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን አሥምሩ። በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። በዚያ ልክ ከሚያምረው ጨርቅ ሁለት፣ ከገበሩ ሁለት ቁረጡ። የሚያምሩትን ሁለት ፊት ለፊት አጋጥማችሁ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ ሦስቱን ጎን ስፉ፤ አፉን ተዉት። ገበሩንም እንዲሁ። የሚያምረውን ገልብጣችሁ ገበሩን ሳትገለብጡ በውስጡ አስገቡና የሁለቱን አፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ አንድ ላይ ዝምዘሙት። ከሸሚዝ የነቀላችኋት ቁልፍና አንዲት የክር ቀለበት መዝጊያ ትሆናለች።

ይኸው ከረጢት በትልቁ ሲሰፋ የደብተር ቦርሳ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ጎልማሳ የፊደል መጽሐፉን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ነበር የሚመላለሰው። ዛሬም ልጆቻችን ደብተር በፌስታል ይዘው ሲሄዱ እናያለን። ፌስታሉ መንገድ ላይ ይቀደዳል፤ ደብተሩ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ለደብተር ቦርሳ ጠንካራ ጨርቅ ምረጡ። የአሮጌ ጅንስ ወይም የካኪ ሱሪ እግር ሁለቱ ጎኖቹ አስቀድሞ የተሰፉ ናቸውና ግማሽ ሥራው አልቋል። ከታች ዘግታችሁ ማንጠልጠያ ጨምሩበት። ማንጠልጠያው ከቦርሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ስፉና በመኻሉ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ ድገሙት። የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው።

የሕፃን ብርድ ልብስ

አሁን እጃችሁ ስለለመደ ወደ ትልቁ እንሂድ። እስክሪብቶ ያዙ፤ ሒሳብ አለው።

ሲያልቅ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 100 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ብርድ ልብስ እንፈልጋለን እንበል። አንዱ ካሬ ተሰፍቶ 10 በ10 እንዲሆን ከፈለግን 12 በ12 አድርገን መቁረጥ አለብን፤ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይሄዳል። በወርዱ 8፣ በቁመቱ 10 ካሬ ይገባል። 8 ጊዜ 10 ስንት ነው? 80 ካሬ። አንዱ ካሬ 12 ጊዜ 12፣ 144 ነው። 144 ጊዜ 80 ደግሞ 11 ሺህ 520 ካሬ ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይሆናል።

ካሬውን ከፍ አድርገን ተሰፍቶ 20 በ20 እንዲሆን ብንቆርጠውስ? 22 በ22 ይቆረጣል፤ የሚያስፈልገው 20 ካሬ ብቻ ነው። 22 ጊዜ 22፣ 484፤ ያንን በ20 ስናበዛው 9 ሺህ 680 ነው። ስለዚህ ጥቃቅን ካሬ ጨርቅ ይበላል፤ ክርም ይበላል። ቁራጫችሁ ሰፊ ከሆነ አታሳንሱት። ትንሽ ከሆነ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ባለ 80ው ይሰፋል። እውነቱን ለመናገር ባለ 80ው ይበልጥ ያምራል።

ከካርቶን አንድ 12 በ12 ልክ ቁረጡ። ሁሉንም ካሬ በዚያ በአንዱ ካርቶን አሥምሩ እንጂ አንዱን ጨርቅ በሌላው ጨርቅ አትለኩ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ትንሿ ስሕተት እየተደመረች በመጨረሻው ላይ አንድ ጣት ትሞላለች። ማሥመሪያ የሳሙና ስባሪ ይበቃል።

ከመስፋታችሁ በፊት ሰማንያውን መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግታችሁ ደርድሩ። ቆም ብላችሁ ከሩቅ እዩት። ደማቆቹ በአንድ በኩል ከተሰበሰቡ በትኗቸው። ደማቅና ደብዛዛ እየተፈራረቁ ቢሄዱ የተዘበራረቀ ቁራጭ ሁሉ ሥርዓት ይይዛል። ድሪቶና ስጦታ የሚለያዩት እዚህች ላይ ነውና አትቸኩሉ። ልጆቹን ጠርታችሁ «የቱ ይቀየር?» በሏቸው፤ ዐይናቸው ከእኛ ይሻላል።

ከዚያ 8ቱን በረድፍ ስፉ፤ ረድፎቹ 10 ይሆናሉ። የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ አጋድማችሁ ተኩሱ። ረድፎቹ ሲጋጠሙ እብጠቱ አንድ ቦታ አይከማችም፤ ማዕዘኑም ቀጥ ይላል። ረድፎቹ ከተያያዙ በኋላ ፊቱ 82 በ102 ይሆናል። ሁለቷ ትርፍ በዙሪያው ያለችው የስፌት ቦታ ናት።

በመኻል ምን ይግባ? ከሁሉ የሚቀለው ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ነው፤ አይንሸራተትም። ባዘቶ ካላችሁ ይበልጥ ይሞቃል። ጥጡን ዳምጣችሁ፣ በደጋን ነድፋችሁ፣ እኩል አድርጋችሁ ዘርጉት። ነገር ግን ባዘቶ ጠላት አለው፤ እሱም እጥበት ነው። ስፌቱ ከተራራቀ ጥጡ ሲታጠብ ተንከባሎ አንድ ጥግ ላይ ኳስ ይሆናል። ስለዚህ በካሬዎቹ ጠርዝ መስፋት ብቻውን አይበቃም። በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ በአግድም የሚሄድ መስመር ስፉ። ከመስመር እስከ መስመር 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ጋት እንኳ አይሞላም።

ገበሩን 90 በ110 ቁረጡ፤ ከፊቱ በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ገበሩን በጀርባው አንጥፉ። በላዩ ባዘቶውን፣ በባዘቶው ላይ ፊቱን አድርጉ። ሦስቱን ከመኻል ጀምራችሁ ወደ ዳር በሰፋፊ የእጅ ስፌት ለጊዜው አያይዙ። ከዳር ከጀመራችሁ መኻሉ ያብጣል። ከዚያ ዋናውን ስፌት በእጅ ስፉት፤ መኪና ያላት በመኪና። ሲያልቅ የገበሩን ትርፍ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉ። ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር ደግሞ በፊቱ ላይ ከንብላችሁ ዙሪያውን ዝምዘሙት። ጠርዝ ለብቻ መግዛት ቀረ።

ይህ ሥራ ለብቻ ይረዝማል። አምስት ሆናችሁ ብትሠሩ፣ መኪና ያላት ረድፉን ትያያዛለች፣ ሌሎቹ በዙሪያው ተቀምጠው በእጅ ይሰፋሉ፤ ወሬውም ሥራውም አብሮ ያልቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ስትሰጡ ግን ለእናቲቱ ንገሯት፦ የጨቅላ ፊት በምንም አይሸፈን፤ ብርድ ልብሱ ከደረት በታች ይሁን። ቁልፍና ጨሌም ለሕፃን በሚሰጥ ነገር ላይ አይሰፋ፤ ነቅሎ ይውጠዋል።

ልሽጠው ያለች እንደሆነስ?

ለቱሪስት ብላችሁ አትጀምሩ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ግን ይቀራል። ጎረቤት ግን ሁልጊዜ ይወልዳል፣ ሁልጊዜ ያገባል። የመጀመሪያው ገበያችሁ እሱ ነው።

ዋጋ ስትተምኑ ብዙዎቻችሁ የምትረሱት አንድ ነገር አለ። ይህን አስሉ፤ ቁጥሮቹ ለመማሪያ ብቻ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለቁራጩ 100 ብር፣ ለገበሩ 150፣ ለክር 40፣ ለመጓጓዣ 60 ከፈላችሁ እንበል። ድምሩ 350 ነው። በ800 ብር ሸጣችሁ «450 አተረፍኩ» አላችሁ። ሦስት ቀን ሠርታችኋል አይደል? 450 ለ3 ሲካፈል 150 ነው። በዚያው ቀን ሰው እርሻ ላይ ተቀጥራችሁ 200 የምታገኙ ከሆነ በየቀኑ 50 ብር ከኪሳችሁ ሰጥታችኋል። ለዘመድ ከሆነ ይሁን፤ ስጦታ ነው። ለገበያ ከሆነ ግን ወይ ዋጋውን አስተካክሉ፣ ወይ ባለ 20 ካሬውን ስፉ፣ እሱ ቶሎ ያልቃል።

በመጨረሻ ከመቀሱ ሥር የቀረው ብናኝ አለ፤ ክር፣ ጫፍ፣ ከጥፍር የማይበልጥ እራፊ። እሱንም ሰብስቡት። 12 በ12 ካሬ ሁለት ወስዳችሁ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ዙሪያውን ስፉ፤ ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተዉ። ገልብጡት። ብናኙን ከታጠበ የበግ ፀጉር ጋር ቀላቅላችሁ እስኪጠነክር ድረስ በእንጨት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ የፀጉሩ ቅባት መርፌ ቶሎ እንዳይዝግ ይረዳል። ቀዳዳዋን በትንንሽ ስፌት ዝጉ። ይህ የመርፌ መሰኪያ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን መኪና ግርግር ስትወርዱ ቁራጩን ለሰጣችሁ ሰፊ ውሰዱለት።